ጣት ቢነሳም የማይቆም ልብ

«ለማስተማር ከሁሉ የሚቸግርሽ ትምህርት የትኛው ነው?» አሉኝ ኡስታዝ። ገና በቅጡ ሰላም ሳንባባል ነው።

ያን ጊዜ ገዳሪፍ ከተማ ዳርቻ ላይ፣ በእንጨትና በሣር በተሠራ ራኩባ ጥላ ሥር ሳይንስ አስተምር ነበር። ከልጆቹ ግማሾቹ እንደ እኔ ድንበሩን ተሻግረው የመጡ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላቸው ሱዳናውያን። ትምህርቱን በአማርኛ ጀምሬ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ ቀጥዬ፣ ትግርኛ የሚናገሩት ልጆች ግራ ሲጋቡብኝ በእጅ ምልክት እጨርሰው ነበር።

«ልብ» አልኳቸው፣ ብዙም ሳላስብ። «የልብ ትምህርት።»

«ለምን?»

«ስለማይታይ ነዋ። አገር ቤት እያለሁ በዓመት አንድ ጊዜ ከሥጋ ቤት የበሬ ልብ አስመጥቼ ጠረጴዛ ላይ እቆርጠው ነበር። እዚህ ያለኝ ጠመኔ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ስስለው ልጆቹ ድንች ነው ይሉኛል።»

ሳቁ። ስድሳን የተሻገሩ፣ መነጽራቸው በአንድ በኩል በክር የታሰረ ሰው ናቸው። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ሲያስተምሩ የኖሩ ሲሆኑ፣ ጦርነቱ ሲነሳ ላፕቶፓቸውን በባለቤታቸው ነጠላ ጠቅልለው ነው ገዳሪፍ የገቡት። ሰፈሩ ሁሉ ኡስታዝ ይላቸዋል፤ መምህር ማለት ነው።

«እንግዲያ በልብ እንጀምር» አሉ።

የምንጀምረው ነገር ይህ ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለራኩባችን ታብሌቶች ሰጥቶን ነበር። ውስጣቸው ያለው ትምህርት የተሠራው ሌላ አገር ነው፤ ቆንጆ ቆንጆ ሥዕሎች አሉት፤ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ታስረዳለች። ልጆቹ ምን እንደምትል ስለማይሰሙ እስክትጨርስ እንኳ አይጠብቋትም፤ ቶሎ ቶሎ እየነካኩ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ማን ቀድሞ መጨረሻ ላይ እንደሚደርስ ይሽቀዳደሙ ነበር እንጂ የሚማር አልነበረም። ኡስታዝ ያሰቡት ልጁ ሲነካው የሚመልስለት፣ ሲጠይቀው በገዛ ቋንቋው የሚናገር ትምህርት እዚሁ ለመሥራት ነው። ሥዕሉ አንድ፣ ድምፁ በሦስት ቋንቋ። ሲያልቅም ማንም አስተማሪ በነጻ ወስዶ፣ የፈለገውን ቆርጦ፣ የፈለገውን ጨምሮ የራሱ እንዲያደርገው።

«ቁልፍ አናደርግበትም» አሉ። «ቆልፈን የምናስቀምጠው ከሆነ ለምን ደከምን?»

ለትግርኛው ሲስተርን ጠራኋት። ሲስተር አዋላጅ ነች። የተዋወቅነው መንደር 8 በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ነው፤ ሁለታችንም ከተሻገርን ብዙ አልቆየንም ነበር። እሷ ትግርኛ፣ እኔ አማርኛ፤ በዚያ ሰሞን ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ጥላ ሥር መዋል ቀላል አልነበረም። አንዲት ሴት ሜዳ ላይ ምጥ ያዛት። ሲስተር ማንን እንደምታዝ እንኳ ሳታይ «ብርድ ልብሱን ወጥረሽ ያዢልኝ» አለችኝ። ፊቴን አዙሬ ወጥሬ ያዝኩላት። ሕፃኑ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እህቴ ናት።

ሦስታችን በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ በተሰቀለ ሶላር፣ አንድ ጠረጴዛ ከበን መሥራት ጀመርን። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። እኔ የማውቀውን እናገራለሁ፣ ሲስተር ወደ ትግርኛ ትመልሰዋለች፣ ኡስታዝ ደግሞ የተሰባበረ ዐረብኛዬን ያቃኑታል፤ አለቀ። ነገር ግን በመጀመሪያው ጠዋት ሁለት ቃል ላይ ቆምን።

«ደም ቅዳና ደም መልስ» ስል ኡስታዝ እጃቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሡ።

«ምን ማለት ነው? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«ቅዳ፣ ያው ከእንስራ ውኃ መቅዳት እንደሚባለው ነው። ደም ቅዳ ከልብ እየቀዳ ይወስዳል። ደም መልስ ደግሞ ወደ ልብ ይመልሳል።»

«ያ ሰላም!» አሉ በመደነቅ፣ ቀስ ብለው። «እኛ ሺርያንና ወሪድ እንላቸዋለን። እስከዛሬ ድረስ የትኛው እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደሚመለስ ይምታታብኝ ነበር። የእናንተ ቃል መንገዱን ራሱ ይናገራል።»

ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር እነዚህን ቃላት ስንት ጊዜ እንዳልኳቸው እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። የሰማኋቸው ያን ጠዋት፣ አማርኛ በማያውቅ ሰው ፊት ላይ ነው። ኡስታዝ በዐረብኛው ትምህርት ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩ፤ «አጠገባችሁ የተቀመጡት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቻችሁ ይህን ቀጂው፣ ያኛውን መላሹ ይሉታል» የሚል። በኋላ የካርቱም ልጆች ከሁሉ በፊት የያዙት እሷን ነው።

ከዚያ ሥዕሉ መጣ። ኡስታዝ የተሳለ ልብ አልፈልግም አሉ። ልጁ በጣቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚያዞረው እውነተኛ ልብ መሆን አለበት። ስለዚህ እኔና እሳቸው ገበያ ሄድንና የበግ ልብ ገዛን። ባለ ሥጋው ሱዳናዊ ልቡን ሊከትፍልን ቢላዋውን ሲያነሣ ሁለታችንም በአንድ ድምፅ «ተው!» አልነው።

«ሳይቆረጥ እንዴት ይበላል?» አለ።

«ልንበላው አይደለም፣ ፎቶ ልናነሣው ነው» አሉት ኡስታዝ።

ሰውየው አየን፣ አየን፣ ከዚያ «ፓስፖርት ሊያወጣ ነው?» አለና ገበያው ሁሉ ሳቀብን።

ኡስታዝ ከተበላሸ ማራገቢያ ላይ ክንፎቹን ነቅለው በቦታው ነጭ ሳህን አሰሩ። ልቡን ሳህኑ ላይ አስቀምጠን በእጃችን ትንሽ ትንሽ እያዞርን ዙሪያውን አነሣነው። ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙና ኡስታዝ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ሲያንሸራትቱ ልቡ ዞረ። ከጀርባው ያሉት ቱቦዎች እየመጡ አለፉ። ሲስተር «ጽቡቕ» አለች፤ ጥሩ ማለቷ ነው።

ቀጥላ የቀዶ ጥገና ቢላዋዋን አወጣችና ልቡን ከፈተችው። እኔ አገር ቤት ስቆርጥ በወጥ ቤት ቢላ፣ ደወሉ ሳይደወልብኝ እየተጣደፍኩ ነበር። ሲስተር ግን ቀስ ብላ፣ እንደ መጽሐፍ ነው የገለጠችው። አራቱ ክፍሎች ታዩ። በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ስስ በር አለ፤ ከበሩ ጠርዝ ደግሞ እንደ ልብስ ስፌት ክር የቀጠኑ ነጫጭ ጅማቶች ወርደው ግድግዳው ላይ ተተክለዋል። ሲስተር አንዷን በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገቻት። በሩ ተሳበ።

«እነዚህ ናቸው በሩ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የሚይዙት» አለች።

ኡስታዝ «ሱብሓን አላህ» አሉ በሹክሹክታ። እኔ አማተብኩ። አንዲት በግ ሜዳ ላይ ስትግጥ፣ ስትተኛ፣ ስትባረር፣ ይህ ሁሉ ክር በውስጧ ሳይታወቃት አንድ ጊዜም ሳይወሳሰብ ሲሠራ ኖሯል። ብዙ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እንደ አዲስ ተማሪ ነበርኩ።

ፎቶው ካለቀ በኋላ ልቡን በሽንኩርትና በበርበሬ ጠብሰን በላነው። በጣም ይጥም ነበር።

የቀረን ድምፅ ነበር። ኡስታዝ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የልብ ምት ድምፅ ከሆነ ቦታ አገኙ፤ ስንሰማው ግን ቆርቆሮ የሚመታ ይመስላል። ሲስተር «ክሊኒኬ ኑ፤ የእርጉዞች መከታተያ ቀን ኑ» አለችን። ለእርጉዝ ሴት ሆድ ላይ ሲደረግ በማህፀን ያለውን ልጅ ልብ የሚያሰማ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አላት። እናቶቹን እንጠይቃለን፤ የፈቀደች ካለች ከመሣሪያው አጠገብ ስልኬን ይዤ እቀዳለሁ። ስም የለም፣ ፊት የለም፣ ድምፅ ብቻ። የተስማማነው በዚህ ነበር።

በዚያ ጠዋት ግን ከሁሉ በፊት የገባችው ወጣት ሴት የመጣችው ለክትትል አልነበረም። ደፍ ላይ ቆማ «ሲስተር፣ ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም» አለች።

አማርኛዋ የጎንደር ቆላ ነው። ባሏ ማሽላ ሊያጭድ ወደ ዶካ ወርዷል፤ ብቻዋን ናት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሲስተር ፊቷ ምንም አልተለወጠም፤ ያን ፊት ግን አውቀዋለሁ፣ መንደር 8 ላይ አይቼዋለሁ። ኡስታዝ ውጭ ቀሩ። እኔም ልወጣ ስል ልጅቱ እጄን ያዘችኝ። አታውቀኝም፤ ቅርብ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና አጠገቧ ቆምኩ።

ሲስተር ቅባቱን ሆዷ ላይ አድርጋ መሣሪያውን አስቀመጠችው። ሹሹታ ብቻ ነበር፤ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ሲጠፋ። አንቀሳቀሰችው። ቀስ ያለ፣ ከባድ ምት መጣ። የልጅቱ ዓይን በራ።

«ይህ የአንቺው ነው» አለች ሲስተር ለስለስ ብላ። «ቆይ።»

እንደገና ሹሹታ። ወደ ታች፣ ወደ ጎን። ልጅቱ እጄን ስትጨብጠኝ አጥንቴ ተሰማኝ። ውጭ ራክሻ የሚሉት ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ሲስተር መሣሪያውን በጣም በትንሹ አዘነበለችው፤ እዚያው ላይ ያዘችው።

መጣ።

ፈጣን ነው። በዝናብ ጊዜ በዚያ በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ላይ ሰው በባዶ እግሩ ሲሮጥ እንደሚሰማው ዓይነት ነው፤ እርጥብና ቶሎ ቶሎ። አንድ ሰው ከሩቅ ወደ እኛ እየሮጠ የሚመጣ መሰለኝ። ሲስተር እንድንሰማው ተወችን። ልጅቱ አፏን ከፍታ ጣሪያውን እያየች ነበር። ወዲያው ሆዷ በአንድ በኩል ጉብ አለ፤ ልጁ ተራገጠ።

«ተኝቶ ነበር» አለች ሲስተር።

ልጅቱ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ውኃ ጠጣች። ሲስተር ግን ጠዋቱን ሙሉ ከክሊኒኩ አለቀቀቻትም፤ እንድትበላ አደረገቻት፣ እየቆየች ደጋግማ አዳመጠች። ሁሉም ደህና ሲሆን ነው ስለ ትምህርቱ የነገረቻት። እኔ ልጠይቃት አፍሬ ነበር። ልጅቱ ሰምታ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«የእኔ ልጅ ሌሎች ልጆችን ሊያስተምር?»

«ድምፁ ብቻ» አልኳት። «የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ካልፈለግሽ ምንም አይደለም።»

«ገና ሳይወለድ ቲቸር ሆነ በይኝ!» አለችና በእንባዋ መካከል ሳቀች። ከዚያ ቆም አለች። «እሺ። ግን መጀመሪያ አባቱ ይስማው። ያለበት የእርሻ ካምቦ ሸበካ አይገባም፤ ስልክ አይሠራም። አርብ አርብ ዶካ ገበያ ይወጣል። የቋራውን ካላችሁ ሁሉም ያውቀዋል።»

ድምፁን ቀዳን። ኡስታዝ ከበጉ ልብ ቀጥሎ አዲስ ገጽ ሠሩለት፤ በማህፀን ውስጥ የተጠቀለለ ሕፃን ሥዕል አለ፣ ተማሪው በሕፃኑ ደረት ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ምቱ ይሰማል፣ ጣቱን ሲያነሣ ድምፁ ያቆማል። ዶካ ላይ ለጉልበት ሠራተኞች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ጓደኛ ስላለን ትምህርቱን እዚያ ልሞክረው ታብሌቱን ይዤ አርብ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው። ዓይን እስኪደክም ማሽላ፤ የታጨደ፣ የሚታጨድ፣ ገና የቆመ።

ዶካ ገበያው ሎሪ በሎሪ ሆኖ ደረስኩ። የአገራችን ልጆች እንደ ሁልጊዜው ጥላ ጥላውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከጎንደርም፣ ከጎጃምም፣ ከወሎም የመጡ አሉ፤ ሠርተው የሚመለሱ አሉ፤ ወደ ሊቢያ እንሄዳለን ብለው እዚሁ የቀሩ አሉ። የቋራውን ብዬ ስጠይቅ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ሄደና አንድ ረጅም ወጣት ከሻይ ቤቱ በኩል እየሮጠ መጣ። ሮጦ ደርሶ ግን ራቅ ብሎ ቆመ። ከገዳሪፍ ድረስ ሰው ፈልጎ የሚመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

«ምን ሆነች?» አለ።

«ደህና ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ድምፅ ልካልህ ነው።»

ታብሌቱን ከፈትኩና የሕፃኑን ሥዕል አሳየሁት። «እዚህ ላይ ጣትህን አሳርፍ።» ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ማጭድ ያሻከረው ጣት ነው። አሳረፈ።

ድምፁ ሲወጣ ዙሪያችን የነበሩት ወጣቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዱ «ሞተር ነው?» አለ፤ ሌላው ዝም በል አለው። የቋራው ቀና ብሎ አየኝ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ወይ እሷ። ከእናቱ ሆድ ነው የተቀዳው።»

ቁልቁል ተመለከተ። ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ፤ ጣቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ታብሌቱን ይዤ አብሬው ቁጢጥ አልኩ። ጓደኞቹ «እኛም እንስማ፣ አንሣና አንድ ጊዜ ስጠን» ማለት ጀመሩ። አልሰማቸውም።

«እትየ፣ ጣቴን ባነሣውስ?» አለኝ።

«ድምፁ ያቆማል።»

«እንግዲያ አላነሣውም።»

ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ቆየ፣ ቆየ፣ ጉልበቱ ሲዝል ተቀመጠ፤ ጣቱ ግን እዚያው ነው። ሳቁም እየቆየ ጠፋ። ሎሪ ጫኞቹ ሳይቀሩ ተሰብስበው ቆመው ነበር። ያን ጊዜ ነው ምን እንደፈራ የገባኝ። ሥዕል መሆኑን ያውቃል፤ ሞኝ አይደለም። ግን በጣቱ ሥር የልጁ ልብ እየመታ፣ ጣቱን አንሥቶ ሊያስቆመው አልቻለም።

«ስማኝ» አልኩት። «ይህ የተቀዳ ድምፅ ነው። እውነተኛው አሁን ገዳሪፍ፣ እሷ ጋ ነው። አንተ ብትነካውም ባትነካውም ይመታል።»

«ማንም ሳይነካው?»

«ማንም ሳይነካው።»

«እሷ ስትተኛስ?»

«ስትተኛም። እሱም ሲተኛ። ልብ እንዲመታ የሚነግረው የለም፤ በራሱ ነው። ከጀመረ በኋላ አያርፍም።»

አሰበ። ግራ እጁን አንሥቶ በገዛ ደረቱ ላይ አሳረፈ። ሁለቱን አንድ ላይ አዳመጠ፤ አንዱን በጆሮው፣ አንዱን በመዳፉ።

«የእኔንም ማንም አልያዘውም ማለት ነው?» አለ፤ እኔን ይሁን ራሱን የጠየቀው አላወቅኩም። «ያን ሁሉ በረሃ ስንሻገር? ስተኛም? ስረሳውም?»

አጠገቡ የቆመው ጎረምሳ እጁን ከሸሚዙ ውስጥ አስገብቶ ደረቱን ሲፈልግ አየሁ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ሱዳናዊ ሎሪ ነጂ። በዶካ ገበያ መሐል፣ በማሽላ ጆንያ መካከል፣ ያን ሁሉ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፀጥ ብሎ ቆሞ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም የራሴን ያዝኩ። ብዙ ዓመት «ልብ በራሱ የሚመታ ጡንቻ ነው፤ ጻፉ» እያልኩ አጽፌአለሁ። ልጆቹ ጽፈዋል፤ በፈተናም መልሰውታል። ይህ ግን ሌላ ነገር ነበር።

በመጨረሻ የቋራው ራሱ ጣቱን አነሣ። ድምፁ ሲያቆም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲገልጠው «አውቶቡስሽ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ትምህርቱን ለጓደኛችን ተማሪዎች ካሳየሁ በኋላ ስመለስ ከእኔ ቀድሞ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ጓደኞቹ «የማሽላው ነገርስ?» እያሉ ይጮኹበታል። «እናንተ እጨዱት!» አላቸው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አንዱ እየሮጠ የእሱን ጨርቅ ጠቅልሎ በመስኮት ወረወረለት። ገዳሪፍ ስንደርስ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይለኝ ወርዶ ሮጠ፤ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ለኡስታዝ ነገርኳቸው። እየጻፉ ነበር የሚሰሙኝ፤ ስለ ጣቱ ስነግራቸው መጻፉን ተዉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተሳስተናል፣ ኡስታዛ» አሉ።

«ምኑ ላይ?»

«ልቡ በልጁ ጣት እንዲሠራ አደረግነው። ልጁ ምን ተማረ? ካልነካሁት ይሞታል የሚለውን ተማረ። እኔ ሲጫኑት የሚሠራ ቁልፍ መሥራት ስለለመድኩ ሁሉ ነገር ቁልፍ መሰለኝ።»

እንደገና ሠሩት። አሁን ትምህርቱ ሲከፈት ልቡ ቀድሞ እየመታ ነው፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ልጁ ጣቱን ሲያሳርፍ ይቀርባል፣ ይጎላል፤ ሲያነሣ ይርቃል እንጂ አይቆምም። በሌላ ገጽ ላይ እያለም፣ ስለ ደም ቅዳ ሲማርም፣ ጥያቄ ሲመልስም ከሥር ይሰማል። ለእኔ ትንሽ ለውጥ መስሎኝ ነበር። ኡስታዝ ግን አፍርሰው ነው የገነቡት፤ ቀናት ፈጀባቸው፤ ሲስተር ሻይ እያመጣች «ኡስታዝ፣ ዓይንዎ» ትላቸው ነበር።

ራኩባው ሥር መጀመሪያ ባሳየነው ቀን ልጆቹ እንደ ልማዳቸው እየነካኩ ሊያልፉት ሞከሩ። ድምፁ ግን አልለቀቃቸውም። ገጽ ገለጡ፣ አለ። ጣታቸውን አነሡ፣ አለ። አንዷ የካርቱም ልጅ ታብሌቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው፤ ከሥር ይመታል። ያን ጊዜ ቀስ በቀስ እሽቅድምድሙ ቆመ። ያቺው ልጅ አጠገቧ ወዳለችው የሑመራ ልጅ ዞራ ምንም ሳትጠይቅ ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች። የሑመራዋ ልጅ ኩርኩር ብሏት ሳቀች፤ የካርቱሟ «በስ!» አለቻት፤ በቃ፣ አትንቀሳቀሺ ለማለት ነው። አዳመጠች። ከዚያ ፊቷን አነሣችና በሁለቱም ቋንቋ ቀላቅላ «ቲቸር፣ እሷ ውስጥም አለ!» አለችኝ።

ልጅቷ ውስጥ ልብ እንዳለ ማን ያጣዋል? ግን የተናገረችበት ድምፅ፣ አንድ አዲስ አገር ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር። ወዲያው ክፍሉ ሁሉ ጆሮ ለጆሮ፣ ደረት ለደረት ሆነ። ቋንቋ ያላስማማቸው ልጆች እርስ በርስ እየተዳመጡ ሳይ ለመቆጣት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

የቋራው ሚስት ከሳምንታት በኋላ ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ያዋለደቻት ሲስተር ናት፤ ደህና ምጥ፣ ደህና ልጅ። አባቷ አሁን ገዳሪፍ ውስጥ ግንበኛ ሥር ይሠራል። ልጅቱን ታቅፎ ሲመጣ ራኩባው ሥር ያሉት ልጆች ማን እንደሆነች አያውቁም፤ ቃል ገብተናልና አንናገርም። እሱ ብቻ ጥግ ላይ ቆሞ ድምፁ ከታብሌቶቹ ሲወጣ ያዳምጣል፤ ሕፃኗ ደግሞ ትከሻው ላይ ተኝታለች።

ትምህርቱን ለማንም ክፍት አድርገን ለቀቅነው። በሰው እጅ፣ በስልክ፣ በፍላሽ ሄደ። ፋው ወደሚባለው የመስኖ እርሻ አካባቢ የላከልን ሰው የሠራተኞቹ ልጆች እንደሚማሩበት ነገረን። ከዚያ በኋላ የት የት እንደደረሰ አናውቅም ነበር።

ቅርብ ጊዜ ኡስታዝ ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡና ሁለታችንንም አስቀመጡን። አንድ ሰው የእኛን ትምህርት ለውጦ መልሶ ልኮታል። ከየት እንደሆነ በግልጽ አልተጻፈም፤ ኡስታዝ ከዳርፉር ወገን ወይም ከቻድ ካምፖች ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ከፈቱት። መጀመሪያ ላይ እኛ ያልሠራነው ገጽ አለ፤ የትንሽ ልጅ እጅ በገዛ ደረቱ ላይ አርፎ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ ከጀርባ ፍየል ትጮኻለች። ከሳንባ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ስናሳይ ቀስቱን ገልብጠን አስቀምጠነው ኖሯል፤ ሦስታችንም አላየነውም ነበር፤ የማናውቀው ሰው አይቶ አቃንቶታል። ኡስታዝ ስህተታችንን በጣታቸው እያሳዩ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

ከዚያ አንዲት ሴት መናገር ጀመረች። ዐረብኛ አይደለም፤ ኡስታዝም አያውቁትም። ድምፅዋ የአስተማሪ ድምፅ ነው። የት መቆም እንዳለባት ታውቃለች፣ ልጁ እስኪያስብ ትጠብቃለች፣ ጥያቄ ስትጠይቅ ጫፉን ታነሣዋለች። አንድም ቃል አይገባንም። ግን የትኛው በር ላይ እንደደረሰች እናውቃለን። ሲስተር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በትግርኛ ትከተላታለች፤ እኔ በአማርኛ። አራተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከሥር ምቱ ጎላ ብሎ ተሰማ። ኡስታዝ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። ሦስታችንም በማናውቀው ቋንቋ ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተማርነው።

ሴትየዋ ጨረሰች። ኡስታዝ ሊዘጉት እጃቸውን ሲዘረጉ ሲስተር ያዘቻቸው።

«ከመጀመሪያው እንስማት» አለች።